ገንዳው ከመቆፈሩ በፊት አጥሩ ይሳል

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምንኖረው ላስ ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 8 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 3 ሊሞላው ነው። እናቴም በቅርቡ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ትኖራለች። ዘንድሮ ጓሯችን ውስጥ መዋኛ ገንዳ ልናሠራ አስበናል። ባለቤቴ ያመጣው ኮንትራክተር ንድፍ ሠርቶልናል። እንደ ኩላሊት የተጣመመ ቅርፅ ሆኖ 8 ጫማ ጥልቀት፣ ዳይቪንግ ቦርድ፣ የድንጋይ ፏፏቴ፣ ጃኩዚ እና ጥቁር ሰማያዊ ወለል አለው። ዋጋው ከ90 ሺህ ዶላር ያልፋል። እኔ ገንዳው ዙሪያ አጥር ይኑር ስል ባለቤቴ «ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፣ ሌላ አጥር ውበቱን ያበላሸዋል» ይለኛል። ቤታችን እንግዳ አይጠፋውም። እውነቱን ለመናገር እኔም እሱም ዋና አንችልም። የትኛውን እንያዝ፣ የትኛውን እንተው? ሳንፈርምስ ምን እንጠይቅ?

የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ያነሳሽውን ነገር ወደ ፊት አምጥቼ ልጀምር። ሁለታችሁም ዋና አትችሉም። 3 ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ። እንግዳ ይበዛል። የገንዳችሁ ንድፍ መነሳት ያለበት ከዚህ ነው። ኮንትራክተሩ የሳለው ገንዳ ለሌላ ቤተሰብ ጥሩ ሊሆን ይችላል። የእናንተን ቤት ግን አላየም።

አጥሩ ላይ አንቺ ትክክል ነሽ። እዚህ ላይ ሁለታችሁንም ለማስደሰት ብዬ መሀል ላይ አልቆምም። አሜሪካ ውስጥ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን ከምንም በላይ የሚገድለው መስጠም ነው። በዚህ ዕድሜ ከሚሰጥሙት አብዛኞቹ የሚሰጥሙት መኖሪያ ቤት ውስጥ ባለ መዋኛ ገንዳ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት እየዋኙ አልነበሩም። ቤት ውስጥ ናቸው ተብለው ሲጫወቱ ነው ሾልከው የወጡት።

ባለቤትሽ የሚለው ግንብ የጎረቤት ልጅ እንዳይገባ ይከለክላል። የእናንተ ልጅ ግን የሚመጣው ከሳሎን ነው። ተንሸራታቹን በር ገፋ አድርጎ ሲወጣ ከውሃው የሚለየው ነገር የለም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚጠቅሰው ጥናት ሁለት ዓይነት አጥሮችን ያነጻጽራል። አንዱ ገንዳውን በአራቱም ጎን፣ ከቤቱም ጭምር የሚለይ ነው። ሌላው የቤቱን ግድግዳ እንደ አንድ ጎን የሚቆጥር የሦስት ጎን አጥር ነው። ባለ አራት ጎኑ የሕፃናትን የመስጠም አደጋ ከሌላው በ83 በመቶ ይቀንሳል። እባክሽ ይህን ቁጥር ለባለቤትሽ አንብቢለት። ልጁን እንደሚወድ አልጠራጠርም። ሰው ቶሎ የሚታየው የገንዳው ውበት ስለሆነ ነው።

አጥሩ ቢያንስ 4 ጫማ ከፍታ ይኑረው። የአካባቢው ሕግ ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል ፈቃድ የሚሰጠውን ቢሮ ጠይቁ። በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ4 ኢንች ያነሰ ይሁን። ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት አግድም ብረት በውጭ በኩል አይኑር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲለቁት ራሱ የሚዘጋና ራሱ የሚቆለፍ ይሁን። መቆለፊያው ሕፃን የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ከአጥሩ አጠገብ ወንበርና የአበባ ማሰሮ አታስቀምጡ፤ ልጅ መሰላል ያደርገዋል። ስለ ውበቱ ደግሞ፣ ቀጭን ጥቁር ብረት ወይም የመስታወት አጥር ጓሮን አያስቀይምም። የሚነቀል የመረብ አጥርም አለ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ችግሩ ሰው እንግዳ ሲመጣ ነቅሎ ማስቀመጡ ነው። አጥር በጣም የሚያስፈልገው ግን ያን ቀን ነው።

ስለዚያ ቀን ትንሽ ልቆይ። እኛ ቤት ግብዣ ሲኖር እንዴት እንደሚሆን ታውቂዋለሽ። ክርስትና ይሁን ምርቃት ሰው ይሞላል። ገሚሱ ወጥ ቤት ነው፣ ገሚሱ ጥብሱ ጋ ነው፣ ቡናው እየተቆላ ነው። ልጆቹ ውጭ ናቸው። ሁሉም ሰው «ሌላው እያያቸው ነው» ብሎ ያስባል። እየሰጠመ ያለ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጮህም። አፉን ከውሃ በላይ ለማድረግ ሲታገል ለጩኸት የሚሆን ትንፋሽ አይተርፈውም። ከአጠገቡ አምስት ሰው እያወራ ልጅ በዝምታ ሊሰጥም ይችላል።

ስለዚህ ገንዳው ክፍት በሆነበት ግብዣ ሁሉ ጠባቂ በስሙ ይመደብ። ስልክ አይዝም፣ አይጠጣም፣ ወሬ ውስጥ አይገባም። ዓይኑ ውሃው ላይ ብቻ ነው። በየ15 ደቂቃው ይቀየር፤ ከዚያ በላይ ትኩረት ይደክማል። ዋና የሚችል መሆን አለበት። እንደዚያ ዓይነት ሰው ከሌለ የገንዳው በር ያን ቀን ተቆልፎ ይዋል። እንግዳ ቢቀየም ይቀየም።

ለጥብሱና ለቡናው የምትመድቡት ቦታ ከአጥሩ ውጭ ይሁን። ይህን ንድፉ ላይ ከአሁኑ አስገቡት። ከሰል፣ ጀበና፣ ሲኒ፣ ብርጭቆ ገንዳ ዳር ምንም ሥራ የላቸውም። ሲኒ ውሃ ውስጥ ከተሰበረ ስብርባሪው በዓይን አይለይም፤ ብዙ ጊዜ ገንዳውን ከማድረቅ በቀር መፍትሔ የለውም። የቡናው ቦታ ጥላ ያለው፣ ገንዳውን ፊት ለፊት የሚያሳይ ይሁን። የወጥ ቤቱም መስኮት ውሃውን ሙሉ በሙሉ ማሳየት አለበት። ንድፉ ላይ ገንዳው ወደ ጎን ተደብቆ ከሆነ ይዛወር።

አሁን ወደ ጥልቀቱ እንምጣ። 8 ጫማው ይቅር። ዳይቪንግ ቦርዱም ይቅር። ዘልሎ የሚጠልቅበት ሰው እቤታችሁ የለም፣ ቦርድ ያለው ገንዳ ደግሞ የቤት ኢንሹራንስ ላይ ጣጣ ያመጣል። አንዳንዱ ኩባንያ ክፍያ ይጨምራል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበልም። ኢንሹራንሳችሁ ጋ ሳትፈርሙ ደውሉ። ለእናንተ የሚስማማው ሁለቱ ጫፎች 3 ጫማ ተኩል፣ መሀሉ ከ4 ጫማ ተኩል የማይበልጥ ገንዳ ነው። አንቺም ባለቤትሽም የትም ቦታ ቆማችሁ ትንፋሽ መውሰድ ትችላላችሁ። ልጅ ቢንሸራተት ገብታችሁ ማንሳት ትችላላችሁ። ዋና የማይችል ሰው ብዙ ጊዜ የሚደነግጠው ወለሉ ድንገት የሚያዘቀዝቅበት ቦታ ሲደርስ ነው። እግሩ ይንሸራተታል፣ ከዚያ በኋላ መመለስ ያቅተዋል። ጠልቆ የማያዘቀዝቅ ገንዳ ይህን አደጋ ከሥሩ ይቀንሰዋል። ውሃውም ቁፋሮውም ስለሚያንስ ዋጋው ላይ ይታያል። ነገር ግን ጥልቀት በሌለው ውሃ በጭንቅላት መግባት አንገት ይሰብራል። ልጆቹን ከመጀመሪያው ቀን በእግር ብቻ እንዲገቡ አስለምዷቸው።

ወለሉ ነጭ ወይም ፈዛዛ ሰማያዊ ይሁን። ጥቁር ሰማያዊ በፎቶ ያምራል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ታች የተኛ ልጅ በጥቁር ወለል ላይ በቀላሉ አይታይም። የዋና ልብስ ስትገዥላቸውም ብርቱካንማ ወይም የሚያበራ ሮዝ ምረጪ፤ ሰማያዊ ውሃው ውስጥ ይጠፋል። የደረጃዎቹ ጠርዝ ላይ በቀለም የተለየ ሴራሚክ ይደርደር። ለእናትሽ ሰፋ ያሉ ደረጃዎችና የማይዝግ የእጅ መያዣ አሠሩ። ከደረጃው ጎን አንድ ጫማ ገደማ ውሃ ያለበት ሰፊ መደብ ቢኖር ደግሞ ትንሹ ልጅ እዚያ ይንቦጫረቃል፣ እናትሽም እግሯን ነክራ ትቀመጣለች። በቤታችሁ ከሁሉም ነገር በላይ አገልግሎት የሚሰጠው ይህ ክፍል ይመስለኛል። ገንዘብ ካላችሁ እዚህ ላይ አውጡት።

ቅርፁን በተመለከተ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን እመርጥላችኋለሁ። ምክንያቱ ሽፋኑ ነው። በቁልፍ ተጎትቶ የሚዘጋው ጠንካራ የደኅንነት ሽፋን በሐዲድ ላይ ስለሚሄድ በደንብ የሚገጠመው ለቀጥታ ቅርፅ ነው። ሽፋኑ ሙቀት ይይዛል፣ ቆሻሻ ይከለክላል፣ ከሁሉም በላይ ትነትን ይቀንሳል። አጥሩን ግን አይተካም። ሰው ሽፋን ከፍቶ ይረሳል፣ ራሱ የሚዘጋ በር ግን አይረሳም።

ስለ ስፋቱ ኮንትራክተሩ ነግሯችሁ ከሆነ ጥሩ፣ ካልነገራችሁ ይኸው። ስፕሪንግ ቫሊ የሚተዳደረው በክላርክ ካውንቲ ነው። ካውንቲው ጁላይ 2022 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አዲስ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ገንዳ ከ600 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ ገድቧል። በዚያው ወር የቬጋስ ውሃ የሚመጣበት ሐይቅ፣ ሌክ ሚድ፣ በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቬጋስ ውስጥ ከቤት በፍሳሽ ቧንቧ የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል። ከገንዳ በፀሐይ የሚተነው ግን ሄደ ማለት ነው። ትነት የሚወሰነው ደግሞ በገንዳው የላይኛው ስፋት ነው።

ለአራት ሰውና ለአንድ አያት 600 እንኳ አያስፈልግም። 15 በ30 ጫማ፣ ማለትም 450 ካሬ ጫማ፣ በቂ ነው። አማካይ ጥልቀቱ 4 ጫማ ቢሆን 13 ሺህ 500 ጋሎን ገደማ ይይዛል። በሰመር ሽፋን የሌለው ገንዳ በቀን ሩብ ኢንች ቢያጣ እንኳ ከዚህ ገንዳ ላይ 70 ጋሎን ገደማ ይሄዳል፣ በየቀኑ። ወደፊት ውሃው ከልክ በላይ የቀነሰ ከመሰላችሁ አንድ ባልዲ ሞልታችሁ ደረጃው ላይ አስቀምጡ። በማግስቱ ገንዳው ከባልዲው የበለጠ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ፏፏቴው ለምን አልወደድኩትም? የቬጋስ ውሃ የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ሲሆን ካልሲየም የበዛበት ነው። ሻወራችሁ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። ውሃ በድንጋይ ላይ ሲፈስ በፍጥነት ይተናል፣ ካልሲየሙ ድንጋዩ ላይ ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ ፏፏቴው ነጭ እድፍ ይይዛል። የሚረጨው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ደግሞ ከፍ እያለ ስለሚሄድ አሲድ ደጋግሞ መጨመር ይጠይቃል። ልጅ የሚንጠላጠልበት የድንጋይ ቁልልም ይሆናል። የውሃ ድምፅ ካማራችሁ ግድግዳ ላይ የምትገጠም ትንሽ የሚጠፋና የሚበራ ምንጭ ትበቃለች።

ጃኩዚው ላይ አልከለክላችሁም። በብርዱ ወራት፣ በተለይ ጉልበት ለሚያማት እናት፣ ደስ ይላል። ትልቁን ገንዳ የብርዱን ወራት ሙሉ ከማሞቅም በጣም ይረክሳል። ውሃው ከ104 ዲግሪ ፋራናይት እንዳያልፍ፣ ትንሹ ልጅም 5 ዓመት እስኪሞላው እንዳይገባ። እናትሽ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባት መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። ሌላው ነገር የታችኛው የውሃ መሳቢያ፣ ማለትም ፓምፑ ከወለሉ ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ ነው። በ2002 የቀድሞው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ፣ የ7 ዓመቷ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር፣ የጃኩዚ መሳቢያ አጣብቆ ይዟት ሞተች። ዋና የምትችል ልጅ ነበረች። በስሟ የተጠራው የፌዴራል ሕግ በ2007 ወጣ፤ የመሳቢያ ክዳኖችም ሰውነት የማይስቡ ሆነው እንዲመረቱ ግድ ሆነ። ኮንትራክተሩን «ስንት መሳቢያ ነው የምትገጥመው? ክዳኑስ ይህን ሕግ ያሟላል?» በይው። አንድ ፓምፕ ቢያንስ ከሁለት የተራራቁ መሳቢያዎች ይሳብ፣ ወይም ጭራሽ የታች መሳቢያ አይኑር።

ጥላና ወለል ቀላል ነገር ይመስላሉ፣ ግን ገንዳው ይገባበታል ወይስ ቆሞ ይታያል የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 120 ዲግሪ ፋራናይት ሆኖ የከተማው ሪከርድ ተሰብሯል። እንዲህ ባለ ቀን ጥቁር ድንጋይ ላይ በባዶ እግር መርገጥ አይቻልም። ትራቨርቲን የሚባለውን ፈዛዛ ድንጋይ ወይም ሙቀት የማይዝ ልባጥ ምረጡ። ያ ጥልቀት የሌለው መደብ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ከሚመጣው ፀሐይ የሚከልል ጥላ ይኑረው። ነፋሱ በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ ቅጠልና አቧራውን የሚሰበስበው ስኪመር በሰሜን ምሥራቅ በኩል ይሁን። ነፋሱ ራሱ ቆሻሻውን ወደዚያ ይገፋላችኋል።

ፓምፑ ፍጥነቱ የሚስተካከል ዓይነት ይሁን። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሽው የሚወስደው ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት ማሽከርከር ያዋጣል። ማጣሪያው ካርትሪጅ ቢሆን ውሃ ወደ ኋላ እየገፉ ማጠብ አያስፈልግም፣ ውሃ ይቆጠባል። የጨው ሲስተም ቢሸጡላችሁ እሱም ክሎሪን ነው፣ ከጨው እየሠራ የሚለቅ ብቻ ነው። ቆዳ ላይ ለስለስ ይላል፣ እንክብካቤ ግን አያስቀርም። ማሽኖቹ ከመኝታ ቤት መስኮትና ከጎረቤት ግንብ ራቅ ይበሉ።

ኮንትራክተሩን በተመለከተ፣ ፈቃዱን በኔቫዳ የሥራ ተቋራጮች ቦርድ ድረ ገጽ ላይ በቁጥሩ ፈልጉ። የቀረበበት አቤቱታም እዚያ ይታያል። አንድ ዋጋ ብቻ ይዛችሁ አትፈርሙ፤ ይህን አዲሱን ንድፍ ለሦስት ሰው ስጡና አወዳድሩ። ኔቫዳ ውስጥ ለገንዳ ሥራ የሚጠየቀው ቅድሚያ ክፍያ በሕግ ገደብ አለው፤ «ግማሹን አምጡ» የሚል ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ሂዱ። «ካሊቼ ቢወጣ ዋጋው ማን ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካሊቼ ቬጋስ መሬት ሥር የሚገኝ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንብርብር ነው። ቆፋሪው ሲደርስበት ከባድ መሣሪያ ይመጣል፣ ሂሳቡም ይጨምራል። የሚጨመረው መጠን ውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ሰፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው ንድፉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይጽደቅ። ኤሌክትሪክ ሰው እንዳይነዝር የገንዳው ብረቶች ሁሉ በሽቦ እርስ በርስ መያያዛቸውንም ኮንክሪቱ ከመረጨቱ በፊት ተቆጣጣሪ ይይላችሁ። ከተረጨ በኋላ የሚያየው የለም።

ከፈቃዱ እስከ ውሃው ወራት ይወስዳል። በዚያ ጊዜ አራታችሁም ዋና ተማሩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ1 ዓመት ጀምሮ ማስተማርን ይደግፋል፤ ስለዚህ ትንሹም ደርሷል። የከተማው የሕዝብ ገንዳዎች ያስተምራሉ፣ ለትልቅ ሰውም ክፍል አላቸው። አብዛኞቻችን ሶደሬ ወይም ግዮን ሄደን ዳር ላይ ተንቦጫርቀን የተመለስን ሰዎች ነን፤ በ40 ዓመት መጀመር አያሳፍርም። የትንፋሽና የልብ ዕርዳታ ሥልጠናም አንቺና ባለቤትሽ ውሰዱ። ቀይ መስቀል ይሰጣል።

ወደ ኮንትራክተሩ ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ የውሃ ጎማ ጓሮው ላይ ዘርግታችሁ 15 በ30ውን ምልክት አድርጉ። አጥሩንም በገመድ አስምሩ። ከዚያ ባለቤትሽ ወጥ ቤት መስኮቱ ጋ ይቁም፣ ትንሹን ልጅ ከሳሎን ልቀቂውና ወዴት እንደሚሄድ አብራችሁ እዩት። ከዚያ በኋላ ስለ አጥሩ ብዙ የምትከራከሩ አይመስለኝም። ውሉ ላይም ይህች ዓረፍተ ነገር ትግባ፦ «አጥሩና በሩ ተሠርተው በተቆጣጣሪ እስኪታዩ ድረስ ገንዳው ውሃ አይሞላም፤ የመጨረሻው ክፍያም አይከፈልም።» ኮንትራክተሩ ቅር ካለው ሌላ ሰው ፈልጉ።